ንድፍን ከወረቀት ወደ ጨርቅና ወደ ክር ማስተላለፍ፦ ለጥልፍ፣ ለዳንቴልና ለሹራብ

ጥልፉ ካለቀ በኋላ መስቀሉ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ፣ ነጩ ሸማ ላይ የካርቦን እድፍ ከቀረ፣ ወይም ሹራቡ ላይ የወጣው ግምብ ተደፍጥጦ ከታየ፣ እጃችሁን አትውቀሱ። ሦስቱም ጥፋቶች የሚፈጠሩት መርፌ ከመነሳቱ በፊት፣ ንድፉ ከወረቀት ሲተላለፍ ነው። መርፌ የተሰመረለትን ይከተላል፤ የተጣመመ መስመር ከሰጣችሁት የተጣመመ ጥልፍ ይመልስላችኋል።

ከዚህ በታች ሁለት ንድፎችን እስከ መጨረሻው እንከተላለን። አንዱ በጎንደር ቀሚስ ደረት ላይ የሚወርደው መስቀል ነው፤ ይህ በመስመር የሚተላለፍ ነው። ሌላው የፋሲል ግምብ ቅርጽ ነው፤ ይህ በዳንቴልና በሹራብ ስለሚሠራ በቆጠራ ይተላለፋል።

መጀመሪያ ይህን ለዩ፦ መስመር ነው ወይስ ቆጠራ?

ጥልፍ የሚሠራው ተሸምኖ ባለቀ ጨርቅ ላይ ስለሆነ የፈለጋችሁትን ጠመዝማዛ መስመር ትሰምሩበታላችሁ። ዳንቴልና ሹራብ ግን ጨርቁም ንድፉም አብረው የሚወለዱ ናቸው። የምትሰምሩበት ነገር ገና የለም። ስለዚህ ንድፉ በካሬ ወረቀት ላይ ተቀምጦ ካሬ በካሬ ይቆጠራል። ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ለጥልፍ የተሳለ ሐረግ ወስዶ በኪሮሽ ሊያወጣው ይሞክራል፣ ሐረጉም ደረጃ ደረጃ ሆኖ ይቀራል። ንድፋችሁ ቀጭንና ጠመዝማዛ ከሆነ ጥልፍ ምረጡ። ወፍራም፣ ቀጥ ያለና ማዕዘን የበዛበት ከሆነ ለዳንቴል ይመቻል። ሹራብ ትልልቅና ጥቂት ቀለም ያለው ንድፍ ይወዳል።

## ደረጃ 1፦ ጨርቁን ማዘጋጀት

1. ሸማውን ሳትሰምሩበት እጠቡት። መጀመሪያ ጨርቁ ላይ በድሩም (በቁመት በሚሄደው ክር) በማጉም (በአግድም በሚሄደው ክር) አቅጣጫ 20 ሴ.ሜ ለኩና ዳርና ዳሩን በክር ምልክት አድርጉ። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አሳድሩት፣ ሳትጠመዝዙ አውጡት፣ ጥላ ላይ አስጡት፣ ርጥበት እያለው ተኩሱት። እንደገና ለኩ። 20 የነበረው 19 ከሆነ ጨርቁ ከመቶ 5 እጅ ገብቷል ማለት ነው። ይህ ጥልፍ ከተሠራበት በኋላ ቢሆን ኖሮ ክሩ እንዳለ ቀርቶ ጨርቁ ብቻ ይገባና ደረቱ ይጨማደድ ነበር። ሁለተኛ እጥበት ላይም ከገባ ሦስተኛ እጠቡት።

2. ቀሚሱ ሳይሰፋ ጥለፉ። የተሰፋ ቀሚስ ጠፍጣፋ ሆኖ አይተኛም፤ ስፌቱም መካከለኛው መስመር የት እንደሆነ ይዋሻል። ቀድሞ የተሰፋ ከሆነ የጎኑን ስፌት መፍታት ይሻላል።

3. መካከሉን ፈልጉ። የፊት ጨርቁን ትከሻን ከትከሻ አገናኝታችሁ እጠፉት። በአንገቱ ቅድ አትመሩ፤ አንገት ብዙ ጊዜ ተዛብቶ ነው የሚቆረጠው። እጥፋቱ ላይ አንዱን የድር ክር በዓይናችሁ ያዙና ከላይ እስከ ታች በሌላ ቀለም ክር ልል ስፌት ስፉበት። እጥፋቱ ከድሩ ጋር ካልገጠመ ድሩን እመኑ።

4. የመስቀሉ ክንዶች የሚያርፉበት ቁመት ላይ ሁለተኛ ልል ስፌት በማጉ አቅጣጫ ስፉ። አሁን ጨርቁ ላይ በክር የተሠራ የመስቀለኛ መስመር አላችሁ። ይህን መስመር ጥልፉ እስኪያልቅ አትፍቱት።

ማስጠንቀቂያ፦ ቀይና ጥቁር ክር ቀለም ይለቃል ወይ የሚለውን አሁኑኑ ፈትኑ። አንድ ጣት የምታህል ክር አርጥባችሁ በነጭ ብጫቂ ጨርቅ መሐል አድርጉና ተጭናችሁ አድርቁ። ጨርቁ ከቀላ ክሩን ሳትጠቀሙበት ውሃው ጠርቶ እስኪወርድ በቀዝቃዛ ውሃ ደጋግማችሁ እጠቡት። ጨው ወይም ኮምጣጤ ያስይዘዋል የሚባለውን አትመኑ፤ በፋብሪካ ቀለም ላይ አይሠራም።

## ደረጃ 2፦ ንድፉን በልኩ ማውጣት

ንድፉን ከስልክ ፎቶ የምትወስዱ ከሆነ የመስቀሉን ግራና ቀኝ ክንድ በማስመሪያ ለኩ። እኩል ካልሆኑ ፎቶው በሰያፍ የተነሳ ነው፤ እንደገና ፊት ለፊት ቆማችሁ አንሱት።

ለማሳደግ ፎቶው ላይ በየ1 ሴ.ሜ ካሬ አስምሩ። በሌላ ወረቀት ላይ ደግሞ በየ2 ሴ.ሜ ካሬ አስምሩ። ከዚያ በእያንዳንዱ ትንሽ ካሬ ውስጥ ያለውን መስመር በትልቁ ካሬ ውስጥ ሳሉ። መስመሩ የካሬውን ጠርዝ የሚነካበትን ቦታ አስቀድማችሁ ነጥብ አድርጉ፣ ነጥቦቹንም አገናኙ። 12 ሴ.ሜ የነበረው መስቀል 24 ሴ.ሜ ይሆናል።

የመስቀሉን ግማሽ ብቻ ሳሉ። ሌላኛው ግማሽ ወረቀቱን አጥፎ በመብሳት ይወጣል፤ በእጅ ሁለቴ የተሳለ ግራና ቀኝ መቼም እኩል አይመጣም።

በሁለት መስመሮች መካከል ቢያንስ 3 ሚ.ሜ ተዉ። ወረቀት ላይ ጥሩ የሚመስል 1 ሚ.ሜ ክፍተት ክር ሲገባበት ይደፈናል፣ ጉንጉኑም ጠፍቶ አንድ ወፍራም ጉብታ ይሆናል። ወፍራም ክር የምትጠቀሙ ከሆነ 5 ሚ.ሜ አድርጉት።

## ደረጃ 3፦ ወደ ጨርቁ ማስተላለፍ

አራት መንገድ አለ። ለነጭ ሸማ የምንመክረው በስቶ በከሰል ማተምን ነው፤ ስለዚህ እሱን አስፍተን እንጽፋለን።

### ሀ. በመስኮት ብርሃን

ስስ ለሆነ ነጭ ጨርቅና ለትንሽ ንድፍ ብቻ ይሆናል። ንድፉን በወፍራም ጥቁር እስክሪብቶ ሳሉ፣ መስኮት ላይ በስኮች ለጥፉ፣ ጨርቁን በላዩ ለጥፉ፣ በሹል እርሳስ በስሱ ተከተሉ። ከ20 ሴ.ሜ በላይ ለሆነ ንድፍ አትሞክሩት፤ ጨርቁ በክብደቱ ወደ ታች ይሳባል፣ የመስቀሉ እግርም ይረዝማል። ማታ ወይም ደመና ሲሆን መስታወት በሁለት ወንበር መካከል አጋድማችሁ የስልክ መብራት ከሥር አብሩ።

### ለ. በካርቦን ወረቀት

የጽሕፈት ቤት ካርቦን ነጭ ሸማ ላይ አታድርጉ። ቅባት ስላለው እጃችሁ በነካው ቁጥር ይበተናል፣ በሳሙናም አይለቅም። ሥራችሁን የሚያበላሽ አንድ ነገር ጥሩ ብትሉን ይኼን ነው የምንለው። ለጨርቅ ተብሎ የተሠራ፣ ሰም የሌለው ካርቦን ካገኛችሁ ግን ደህና ነው። ባለቀለሙን ፊት ወደ ጨርቁ አድርጉ፣ በላዩ ንድፉን፣ ከሥር ጠንካራ ሰሌዳ። ቀለሙ ባለቀ እስክሪብቶ ተጭናችሁ ተከተሉ። መዳፋችሁን ወረቀቱ ላይ አታሳርፉ።

### ሐ. በስቶ በከሰል ማተም

የሚያስፈልገው፦ ትሬሲንግ ወረቀት፣ ቀጭን መርፌ ቡሽ ላይ የተሰካ፣ የታጠፈ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ፣ ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት፣ የከሰል ዱቄት፣ የነጠላ ብጫቂ፣ ስፒል።

1. ግማሹን መስቀል ትሬሲንግ ወረቀት ላይ ገልብጡና መካከለኛው መስመር ላይ ወረቀቱን እጠፉት። እጥፋቱን በጥፍራችሁ አሹት። ወረቀቶቹ እንዳይንሸራተቱ ዳሩን በስኮች ያዙ።

2. ብርድ ልብሱ ላይ አስተኝታችሁ መስመሩን ብሱ። በቀጥታ መስመር ላይ በየ2 ሚ.ሜ፣ በኩርባና በማዕዘን ላይ በየ1 ሚ.ሜ። መርፌውን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ፤ ያዘነበለ መርፌ የታችኛውን ወረቀት ሌላ ቦታ ይበሳል፣ ግራና ቀኙም ይለያያል። ብርሃን ላይ አንስታችሁ እዩት፤ ያልተበሳ ቦታ ወዲያው ይታያል።

3. ወረቀቱን ዘርጉና በፊቱም በጀርባውም በኩል መርፌው ያወጣውን ጉብጉብ በብርጭቆ ወረቀት ቀስ ብላችሁ ፍቁ። ይህን የሚዘል ሰው ብዙ ነው፣ ከዚያ ከሰሉ አላልፍ ይለዋል። መርፌው ወረቀቱን አይቆርጥም፤ ገፍቶ ብቻ ያልፋል፤ የተገፋው ደግሞ ተመልሶ ቀዳዳውን ይዘጋል። ስትፍቁት ቀዳዳው ይከፈታል።

4. ከሰሉን ፈጭታችሁ በነጠላ ብጫቂ ንፉት። በጣት ስታሹት የሚያሸክር ነገር መኖር የለበትም። በክረምት ዱቄቱ ርጥበት ይይዛልና ከመጠቀማችሁ በፊት ሞቅ ያለ ምጣድ ላይ ጥቂት ደቂቃ አድርቁት። ለጥቁር ከፋይና ለጠቆረ ጨርቅ በከሰል ፈንታ የጠመኔ ዱቄት ተጠቀሙ።

5. ጨርቁን ጠረጴዛ ላይ ወጥሩ። ሸማ ሳሳ ያለ ስለሆነ ዱቄቱ አልፎ ጠረጴዛው ላይ ይቀራል፣ ጀርባውንም ያቆሽሻል፤ ከሥር ነጭ ወረቀት አንጥፉ። የንድፉን መካከል በልል ስፌት ከሠራችሁት መስቀለኛ ጋር አግጥማችሁ አራቱንም ማዕዘን በስፒል ያዙ።

6. ብጫቂውን ጠቅልላችሁ የአውራ ጣት ውፍረት ያለው ጥቅል አድርጉ፣ ዱቄቱ ውስጥ ንከሩት፣ ወረቀት ላይ መታ መታ አድርጋችሁ ትርፉን አራግፉ። ከዚያ ቀዳዳዎቹ ላይ በክብ ክብ እንቅስቃሴ ቀስ ብላችሁ አሹ። አንዱን ማዕዘን አንሡና እዩ፤ ነጥቦቹ ካልወጡ መልሱትና ድገሙ።

7. ወረቀቱን ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ላይ አንሱት። ወደ ጎን ከጎተታችሁት ነጥቦቹ ጭራ ያወጣሉ።

8. ነጥቦቹን በሹል እርሳስ ወይም ውሃ በሚያስለቅቀው ሰማያዊ የጨርቅ እስክሪብቶ አገናኙ። ከመካከል ወደ ዳር ሂዱ፤ እጃችሁ ያልተሰመረውን እንዳይጠርገው። ሲያልቅ ጨርቁን አንስታችሁ ከጀርባው መታ መታ አድርጉ፤ የቀረው ዱቄት ይራገፋል።

ከተበላሸ፦ ዱቄቱ ከተበተነ በእጅ አትጥረጉት፣ ውሃም አታስነኩት። የዳቦ ለስላሳውን ውስጡን ቆርሳችሁ አድቦልቡሉና እየተጫናችሁ አንሱት፤ ከሰሉን ይዞት ይነሳል። ንድፉ ተጣሞ ካረፈ ደግሞ ገና እርሳስ ሳትነኩት ጨርቁን አራግፉና ከተራ ቁጥር 5 ጀምሩ። የዚህ መንገድ ትልቁ ጥቅም ይኼ ነው፤ ስህተቱ ይራገፋል፣ አንዱ ወረቀትም ለብዙ ቀሚስ ያገለግላል።

### መ. ወረቀት ላይ ሰፍቶ መቅደድ

ለከፋይ ይሄ ነው የሚሻለው። ከፋይ ጸጉር ስላለው መስመር አይቀበልም፤ ጠመኔውም ሥራው ሳይጋመስ ይራገፋል። ንድፉን ስስ ወረቀት ላይ ሳሉና ጨርቁ ላይ በስፒል ያዙት። ከዚያ በመስመሩ ላይ በቀጭን ክር ወረቀቱንም ጨርቁንም አንድ ላይ ስፉ፤ የአንዱ ስፌት ርዝመት ከ4 ሚ.ሜ አይብለጥ። ወረቀቱን በመርፌ ጫፍ በመስመሩ ጫር አድርጉና ከመስመሩ ወደ ውጪ ቅደዱት። ወደ ላይ ከጎተታችሁ ስፌቱ አብሮ ይነሳል። የቀረው የክር መስመር የጥልፋችሁ መሪ ነው።

ለሁሉም መንገድ፦ የምትሰምሩበትን እርሳስ ወይም እስክሪብቶ ከጨርቁ ትርፍ ላይ ሞክሩት። ሰምሩ፣ በቀዝቃዛ ውሃ እጠቡ፣ ከለቀቀ ብቻ ተጠቀሙበት። መስመሩ ሳይታጠብ ካውያ አታስነኩት፤ አንዳንዱ ቀለም በሙቀት ይጸናል። በሙቀት የሚጠፋ እስክሪብቶ ደግሞ በተቃራኒው ካውያ ሲነካው ይጠፋል፣ ነገር ግን በአንዳንድ ጨርቅ ላይ ነጣ ያለ ፈለግ ይተዋል።

## ደረጃ 4፦ መስመሩን ሸፍኖ መጥለፍ

1. ጨርቁን መወጠሪያው ላይ እንደ ከበሮ ወጥሩት፣ ግን የድሩና የማጉ ክሮች ቀጥ እንዳሉ እዩ። በሰያፍ የተወጠረ ጨርቅ ላይ የተጠለፈ መስቀል መወጠሪያው ሲፈታ ይጣመማል። ማታ ማታ ፍቱት።

2. ክሩን ከ45 ሴ.ሜ አታስረዝሙ። ረጅም ክር በጨርቁ ውስጥ ሲመላለስ ይላላጣል። 6 ዘሃ (አንድ ላይ የተያዙ ስስ ክሮች) ያለውን ክር ለቀጭን መስመር 2፣ ለሙሌት 3 እያደረጋችሁ ለዩት። ዘሃውን አንድ በአንድ አውጡና መልሳችሁ ደርቡ፤ ሁሉንም በአንዴ ከሰነጠቃችሁ ይቋጠራል።

3. ከመስቀሉ መካከል ጀምሩ። መርፌው ከመስመሩ በውጪ ጫፍ ይውጣ እንጂ በውስጥ አይሁን፤ ያለዚያ እርሳሱ ዳር ዳሩን ይታያል።

4. ሸማ ላይ ከጀርባ ክር አቋርጣችሁ አትዝለሉ። ከ1 ሴ.ሜ በላይ የተዘለለ ጥቁር ክር ከፊት ጥላ ሆኖ ይታያል። ጨርሳችሁ ሰውሩትና ሌላ ቦታ እንደ አዲስ ጀምሩ። ቋጠሮም አትቋጥሩ፤ ጫፉን ከተሠራው ሥር አስገቡት።

5. የሙሌት ስፌት ከ8 ሚ.ሜ ከበለጠ ለሁለት ክፈሉት። ረጅሙ ስፌት በቀለበትና በጥፍር እየተያዘ ይመዘዛል።

ጨርቁ ከተጨማደደ ክሩን አብዝታችሁ ስባችኋል። መወጠሪያውን ፈትታችሁ እዩት። ጥቂት ከሆነ ርጥብ አድርጋችሁ ፎጣ ላይ በፊቱ አስተኝታችሁ ከጀርባ ስትተኩሱት ይስተካከላል። ብዙ ከሆነ ፍቱት፤ ካውያ አያድነውም።

## ደረጃ 5፦ ግምቡን በዳንቴል ማውጣት

ለሒሳብ የሚያገለግለውን ባለ ካሬ ደብተር ውሰዱና ግምቡን በ45 ካሬ ስፋትና በ30 ካሬ ቁመት ሳሉት። የተሞላው ካሬ ዝግ፣ ባዶው ክፍት ነው። የማማዎቹን ክብ አናት እንዲህ አድርጉት፤ ከሥር 7 ካሬ፣ በላዩ 7፣ ከዚያ 5፣ ከዚያ 3፣ ጫፉ ላይ 1። ከ7 ካሬ ያነሰ ጉልላት ክብ ሳይሆን ሦስት ማዕዘን ይመስላል።

1. ክፍት ካሬ ማለት 2 ሰንሰለትና 1 ቋሚ ነው። ቋሚ የምንለው ኪሮሹ ላይ ክሩን አንዴ ጠምጥማችሁ የምትሠሩትን ነው። ዝግ ካሬ ማለት ክፍተቱ ውስጥ 2 ቋሚ፣ ቀጥሎ በቋሚው ላይ 1 ቋሚ ነው።

2. መጀመሪያ 10 በ10 የሆነ ሙከራ ሥሩና ለኩ። 10ሩ ካሬ 6 ሴ.ሜ ከወጣ 45ቱ 27 ሴ.ሜ ይሆናል። ስፋቱና ቁመቱ እኩል ካልሆነ ንድፉን አስተካክሉ። ለምሳሌ 9 ሴ.ሜ ስፋትና 10 ሴ.ሜ ቁመት ከወጣ 30ውን መደዳ ወደ 27 ቀንሱ።

3. የመነሻ ሰንሰለት፦ የመጀመሪያው መደዳ በክፍት ካሬ ከጀመረ የካሬውን ብዛት በ3 አባዙና 5 ጨምሩ፤ ለ45 ካሬ 140። የመጀመሪያው ቋሚ ከኪሮሹ 8ኛው ሰንሰለት ላይ ይገባል። በዝግ ከጀመረ 3 ጨምሩ፤ 138። የመጀመሪያው ቋሚ 4ኛው ላይ ይገባል።

4. መደዳ ስትገለብጡ ቀጣዩ ክፍት ከሆነ 5፣ ዝግ ከሆነ 3 ሰንሰለት።

5. ካሬ ወረቀቱን አንዱን መደዳ ከቀኝ ወደ ግራ፣ ቀጣዩን ከግራ ወደ ቀኝ አንብቡ። ግምቡ ግራና ቀኙ እኩል ስለሆነ ብትሳሳቱ አይታወቅም። ከሥሩ «ጎንደር» ብላችሁ ፊደል ካስገባችሁ ግን ስህተቱ ወዲያው ይጋለጣል፤ የ«ደ»ና የ«ር» እግሮች መደዳ በመደዳ ግራና ቀኝ እየዘለሉ ፊደሉ ይበጣጠሳል። ማስመሪያ ከምትሠሩት መደዳ በላይ አድርጉ፣ ያለቀውንም መደዳ በእርሳስ ሰርዙ።

ዳሩ እየጠበበ ከመጣ መደዳው መጨረሻ ላይ በመመለሻው ሰንሰለት አናት ላይ የሚገባውን ቋሚ እየረሳችሁ ነው። በየ5 መደዳው 45 ካሬ መሙላቱን ቁጠሩ። 20 መደዳ ከሠራችሁ በኋላ ማግኘት ያበሳጫል።

ሲያልቅ አርጥቡት፣ ትራስ ላይ በማይዝግ ስፒል አራት ማዕዘን አድርጋችሁ ወጥሩት፣ እንደተወጠረ ይድረቅ።

## ደረጃ 6፦ ያንኑ ግምብ በሹራብ

እዚህ የዳንቴሉን ወረቀት እንዳለ አትጠቀሙ። የሹራብ ዓይን (አንዱ የክር ቀለበት) ስፋቱ ከቁመቱ ይበልጣል። የሙከራ ቁራጫችሁ በ10 ሴ.ሜ 20 ዓይንና 28 መደዳ ቢሆን፣ 45 ዓይን 22.5 ሴ.ሜ ይሆናል፤ 30 መደዳ ግን 10.7 ሴ.ሜ ብቻ። ግምቡ መሬት ላይ የተቀመጠ ድስት ይመስላል። 30ን በ28 አባዙና ለ20 አካፍሉ፤ 42 መደዳ ያስፈልጋል። በየ5ቱ መደዳ ውስጥ 2ኛውንና 4ኛውን ሁለቴ ብትሠሩ 42 ይሞላል።

ግምቡን በሁለት ቀለም ስትሠሩ ከኋላ የሚተላለፈው ክር ከ4 ዓይን በላይ እንዳይዘል። ከዘለለ ከሚሠራው ክር ጋር አንዴ አጠላልፉት፤ ያለዚያ ልብሱ ሲለበስ ጣት ይይዘዋል። ዳሩ ከተኮማተረ የተላለፈው ክር አጥሯል።

ሁለት ቀለም አብሮ መያዝ ካስቸገራችሁ ሹራቡን በአንድ ቀለም ጨርሱና ግምቡን ከላይ ደርቡት። ጫፉ ደንዝ የሆነ መርፌ ከዓይኑ እግር አውጡ፣ ከበላዩ ባለው ዓይን ሁለት እግሮች ሥር አሳልፉ፣ ወደ ተነሳበት መልሱ። ካሬው አንድ፣ ዓይኑም አንድ። ጀማሪ ከሆናችሁ በዚህ ጀምሩ፤ ስህተት ሲገኝ የሚፈታው የላዩ ክር ብቻ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ክሩ ሱፍ ነው ወይስ ሰው ሠራሽ የሚለውን ሳታውቁ ካውያ አታስነኩ። ውጪ ወጥታችሁ ትንሽ ክር በወረንጦ ይዛችሁ ለኩሱ። የተቃጠለ ጸጉር ከሸተተና አመዱ ከተፈረፈረ ሱፍ ነው። ወረቀት ወረቀት ከሸተተ ጥጥ ነው። ቀልጦ ጠንካራ ጥቁር ዶቃ ከሆነ ሰው ሠራሽ ነው፤ ካውያ ሲነካው ይለጠጣል፣ ጠፍጣፋ ሆኖም ይቀራል፣ አይመለስም። እሱን አርጥቦ ዘርግቶ ማድረቅ ብቻ ነው።

የተበሳውን ወረቀት አትጠፉት፤ ከከሰሉ አራግፋችሁ በካርቶን ቱቦ ላይ ጠቅልሉት። ጀርባው ላይ የመስቀሉን ቁመትና ስፋት፣ የክሩን ዘሃ ብዛት፣ የትኛው ጨርቅ ላይ እንደሠራ ጻፉበት።